ዘጠኝ ወር ሳይተነፍስ የኖረ ሰው

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ የአንዲት ትንሽ ልጅ ጥያቄ ናት። «ሆድ ውስጥ ያለው ሕፃን ውሃ ውስጥ ነው አይደል? ታዲያ ለምን አይሰምጥም?» መልሱን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ኦክስጅን በእትብቱ በኩል ከእናቱ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ መተንፈስ አያስፈልገውም። ልጅቷ በመልሱ ረክታ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። እኔ ግን አልረካሁም። መልሱ ትክክል ነው፤ ከባዱን ጥያቄ ግን ሸሽቶ ያልፋል። ዘጠኝ ወር በአንድ ሥርዓት የኖረ አካል፣ እትብቱ ሲቆረጥ በሌላ ሥርዓት ለመኖር ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? የደሙን መንገድስ ማን ይቀይርለታል?

ስለ ሰው አካል ድንቅነት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብልን ቁጥር ነው። የደም ሥሮች ቢቀጣጠሉ ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ልብ በዕድሜ ዘመኗ ይህን ያህል ጊዜ ትመታለች፣ ወዘተ። እንዲህ ያለው ቁጥር አፍ ያስይዛል እንጂ ምንም አያስረዳም። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሁላችንም ያለፍንበት፣ አንዳችንም ግን የማናስታውሰው ክስተት ነው፤ ከተወለድን በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች።

ሳንባን የሚዘል መንገድ

በማህፀን ውስጥ ሳንባ በፈሳሽ የተሞላ ነው። ብዙ ሰው ይህ ፈሳሽ ሕፃኑ ወደ ውስጥ የሳበው የሽርት ውሃ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሳንባው ራሱ ነው የሚያመነጨው። መውለጃው ሲደርስ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከአንድ የቡና ስኒ አያንስም። ሳንባው እንዲያድግ ከውስጥ ወጥሮ የሚይዘው ይህ ፈሳሽ ነው። የሽርት ውሃ ገና በእርግዝናው አጋማሽ ፈስሶ ካለቀ የሳንባው ፈሳሽም አብሮ ይሸሻል፣ ሳንባው ሳያድግ ይቀራል። የሽርት ውሃ መጉደል ሐኪሞችን ይህን ያህል የሚያስጨንቃቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አየር የሌለበት ሳንባ ለማደጊያው ከሚበቃው በላይ ደም ምንም አያደርግለትም። ስለዚህ የደም ሥሮቹ ተጨምድደው ይቆያሉ፤ ከልብ ከሚወጣው ደም ውስጥ ወደ ሳንባ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በሁለት አቋራጮች ያልፋል። የመጀመሪያው ፎራሜን ኦቫሌ የሚባለው፣ በልብ የላይኛው ክፍል በቀኝና በግራ መካከል ያለ ቀዳዳ ነው። በግራ በኩል ስስ ሽፋን ስላለው ደም ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋዋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ግን መመለስ አይችልም። ሁለተኛው ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ነው፤ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ደም ቅዳ፣ ደምን ለመላ ሰውነት ከሚያደርሰው ትልቁ ደም ቅዳ ከአኦርታ ጋር የሚያገናኝ አጭር ቱቦ። ጉበትን የሚያቋርጥ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱን እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።

እትብቱ ውስጥ ሦስት የደም ሥሮች አሉ፤ ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ። እዚህ ነገሩ ከለመድነው ይገለበጣል፤ ኦክስጅን የያዘውን ደም ከእንግዴ ልጁ የሚያመጣው ደም መልሱ ነው። ያ ደም ለእኛ ዓይን በጣም ድሃ ነው። የኦክስጅኑ ግፊት ወደ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ብቻ ሲሆን፣ በጤናማ አዋቂ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ከ80 እስከ 100 ይደርሳል። አዋቂ ሰው በዚህ መጠን ራሱን ይስታል። ሕፃኑ ግን ያድግበታል፤ የእሱ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ከእናቱ ሄሞግሎቢን ይልቅ ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ በእንግዴ ልጁ ላይ ሁለቱ ደሞች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲያልፉ ኦክስጅኑን ወደ ራሱ ይስበዋል።

የመጀመሪያው ትንፋሽ

ሕፃኑ ሲወጣ ብዙ ነገር በአንዴ ይወርድበታል። እርጥብ ቆዳው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይነካዋል፣ ብርሃን ያርፍበታል፣ ካርቦንዳይኦክሳይድ በደሙ ውስጥ መጨመር ይጀምራል። አንጎሉ ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ትንፋሽ። ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ዲያፍራሙ፣ ሥራውን ያውቀዋል፤ ለሳምንታት በፈሳሽ ሲለማመደው ኖሯል። አሁን ግን የሚጠበቅበት ጉልበት ሌላ ነው። እኔና እናንተ በእረፍት ስንተነፍስ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ የሚሆን አየር የመሳቢያ ግፊት ይበቃናል። የመጀመሪያው ትንፋሽ አንዳንዴ ከ50 በላይ ይጠይቃል።

ፈሳሹ ወዴት ይሄዳል? ድሮ የሚባለው በምጥ ጊዜ ደረቱ ተጨምቆ በአፍና በአፍንጫው ይወጣል ነበር። ጥቂቱ በርግጥ እንደዚያ ይወጣል። አብዛኛው ግን በሳንባው ግድግዳ በኩል ወደ ውስጥ ይመጠጣል። ምጥ ሲጀምር የሕፃኑ አድሬናሊን ያሻቅባል፤ እሱም በሳንባ ሕዋሳት ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች ይከፍታል፣ ሶዲየሙ ሲገባ ውሃውም ይከተለዋል። ፈሳሽ ሲያመነጭ የኖረው ሳንባ በሰዓታት ውስጥ ወደ መምጠጥ ይዞራል። የቀረውን ደግሞ የትንፋሹ ግፊት ራሱ ገፍቶ ያስገባዋል።

ይህን ማወቅ ለተግባር ይጠቅማል። ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ በኦፕራሲዮን የሚወለድ ሕፃን ያ የአድሬናሊን ማዕበል ስለማይደርሰው ሳንባው እርጥብ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። በደቂቃ ከ60 በላይ ይተነፍሳል፣ አፍንጫው ይርገበገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ቀን ውስጥ ይለቀዋል። ሌላ የሕክምና ምክንያት ከሌለ የቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከ39ኛው ሳምንት በፊት አይደረግም የሚባለው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ጩኸቱ ይመጣል። ጩኸት የምሥራች ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው። ሕፃኑ አየሩን የሚያስወጣው ጉሮሮውን አጥብቦ ስለሆነ፣ ከሳንባው ውስጥ ግፊት ይፈጠርና የተከፈቱት የአየር ከረጢቶች ተመልሰው እንዳይዘጉ ይይዛቸዋል። ሳንባው ያልበሰለ ሕፃን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያቃስተው ለዚሁ ነው፤ የሚዘጋ ሳንባውን በጉሮሮው ሊያስከፍት እየታገለ ነው። ማቃሰቱ ከቀጠለ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ከረጢቶቹ ለምን ይዘጋሉ? ከውስጥ የረጠበ ፌስታል ግድግዳው እርስ በርሱ ተጣብቆ አልከፈት እንደሚለው ነው፤ ውሃ ራሱን ወደ ራሱ ይስባል። ይህን ስበት የሚያዳክመው ሰርፋክታንት የሚባል፣ በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ፈሳሽ ነው። ሳንባው ከ24ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ማዘጋጀት ይጀምራል፤ የሚበቃ መጠን የሚገኘው ግን በ34ኛውና በ35ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው የሚሞቱ ሕፃናት ሳንባ ውስጥ ይህ ፈሳሽ እንደሚጎድል ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ ያሳዩት በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1963 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ፤ ክብደቱ 2.1 ኪሎ ያህል ነበር። በዚህ በሽታ በ39 ሰዓት ውስጥ ሞተ። በሽታው ታውቆ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም።

መድኃኒቱ የመጣው ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት በእናቱ በኩል ነው። በኒውዚላንድ ግራሃም ሊጊንስ በበጎች ላይ ሌላ ነገር ሲመረምር፣ ስቴሮይድ የተሰጠው ያለ ጊዜው የተወለደ ግልገል ይሞታል ተብሎ ሲጠበቅ ሲተነፍስ አገኘው። በ1972 እ.ኤ.አ. ከሮስ ሃዊ ጋር በሰው ላይ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ዛሬ በ24ኛውና በ34ኛው ሳምንት መካከል ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ላለች እናት ቤታሜታሶን 12 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ወይም ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ በጡንቻ ይሰጣል። በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ሰርፋክታንቱን ራሱን በቱቦ ወደ ሕፃናት ሳንባ አስገባ። እንደ ፓትሪክ በ34 ሳምንት የሚወለድ ሕፃን ዛሬ ተገቢውን እንክብካቤ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

ልብ አቅጣጫ ስትቀይር

ሲያብሰለስለኝ የከረመው ቦታ ይኸው ነው፤ አየር በገባባት በዚያች ቅጽበት ልብ ውስጥ የሚሆነው።

አየር ሳንባውን ሲሞላ የተጨመደዱት የደም ሥሮች ይለቀቃሉ። አንዱ ምክንያት የሳንባው መወጠር ነው፤ ሌላው ኦክስጅኑና እሱ የሚያስነሳው፣ የደም ሥርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም በደቂቃዎች ውስጥ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ያ ሁሉ ደም ከሳንባ ሲመለስ የሚያርፈው በልብ ግራ የላይኛው ክፍል ነው፤ ስለዚህ በግራ በኩል ያለው ግፊት ይነሳል። በዚያው ሰዓት በእትብቱ በኩል ወደ ቀኝ ይመጣ የነበረው ደም ይቋረጣል፤ የቀኙ ግፊት ይወርዳል። በፎራሜን ኦቫሌ ላይ ያለችው ስስ ሽፋን በሁለቱ መካከል ናት። ዘጠኝ ወር ከቀኝ ሲገፋ የነበረው ደም ሸክሙ ወደ ግራ ሲያደላ ሽፋኗ ትገፋና ቀዳዳው ላይ ትለጠፋለች። ነርቭም፣ ሆርሞንም፣ ትእዛዝም የለም፤ የግፊት ልዩነት ብቻ። ሳንባው ካልተከፈተ በሩ አይዘጋም፤ ሳንባው ከተከፈተ ደግሞ በሩ ሳይዘጋ መቆየት ይከብደዋል። አንዱ ያለ ሌላው እንዳይሆን አድርጎ የገጠመው ይህ ነገር ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ዳክተሱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እሱ ጡንቻ ያለው ቱቦ ነውና መጨማደድ አለበት። ከሳንባው የደም ሥሮች ጋር ተያይዞ እያለ ለኦክስጅን የሚሰጠው መልስ ተቃራኒ ነው፤ ኦክስጅን እነሱን ይከፍታል፣ እሱን ይዘጋዋል። በማህፀን ሳለ ክፍት አድርጎ የሚይዘው በዋናነት ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ነው። እንግዴ ልጁ ሲለይ ምንጩ ይደርቃል፤ የቀረውንም አሁን ደም የሚጎርፍለት ሳንባ ያጠፋዋል። ጤናማ በሆነና ጊዜውን ጨርሶ በተወለደ ሕፃን ዳክተሱ በ2 ወይም 3 ቀን ይዘጋል፣ በ2 ወይም 3 ሳምንት ደግሞ ወደ ጅማትነት ይለወጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አደገኛ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የተጨማደደው ቱቦ ኦክስጅን ካነሰው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል።

ከዚህ እውቀት ሁለት ተቃራኒ ሕክምናዎች ወጥተዋል። ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ዳክተሱ አልዘጋ ሲል ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ወይም ፓራሲታሞል ይሰጣል፤ ሦስቱም የፕሮስታግላንዲንን መመረት ይገታሉ። ከተፈጥሮ የልብ ችግር የተነሳ ደሙ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ሰውነቱ የሚደርሰው በዳክተሱ ብቻ ለሆነ ሕፃን ደግሞ፣ ቱቦው እንዳይዘጋ ራሱ ፕሮስታግላንዲኑ በደም ሥር ያለማቋረጥ ይንጠባጠብለታል። ትንፋሽ ሊያቋርጥ ስለሚችል መድኃኒቱን የሚወስደው ሕፃን ዓይን አይነቀልበትም። ነፍሰ ጡር ሴት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹን አትውሰድ የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የሕፃኑን ኩላሊት ስለሚነካ የሽርት ውሃ ይቀንሳል፤ ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ ዳክተሱን ያለ ጊዜው ሊዘጋው ይችላል።

ችኮላ የሚያበላሸው

ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 85 ያህሉ በ10 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ በራሳቸው ይተነፍሳሉ። ሌሎች 10 ያህሉ ሲደረቁና ጀርባቸው ሲታሸ ይጀምራሉ። በጭንብልና በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚነፋ ከረጢት) መተንፈስ የሚያስፈልጋቸው 5 ያህል ናቸው። ስለዚህ የረዳቱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አለማደናቀፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ሲያጋጥም ደግሞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር።

እትብቱን እንውሰድ። ሕፃኑ እንደወጣ ወዲያው ቆንጥጦ መቁረጥ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሳንባው ገና ሳይከፈት እትብቱ ከተያዘ፣ ወደ ልብ ግራ ክፍል የሚደርሰው ደም ከእንግዴ ልጁም ከሳንባውም ይቀርበታል፤ ልብ የምትረጨው ያንሳትና ምቷ ይወርዳል። መጀመሪያ ተንፍሶ በኋላ ሲቆረጥ ግን ሽግግሩ ለስላሳ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ መጠበቅን ይመክራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእንግዴ ልጁ የሚተላለፈው ደም ለሚቀጥሉት ወራት የብረት ስንቅ ይሆናል።

እግሩን ይዞ ቁልቁል አንጠልጥሎ መምታት ምንም ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው። በደረቅ ፎጣ ማድረቅ፣ እርጥቡን ፎጣ ማንሳት፣ ጀርባውን በእጅ ማሸት፣ የእግሩን መዳፍ ቸብ ማድረግ ይበቃል። አፍና አፍንጫን በመምጠጫ መጥረግም ለሁሉ የሚደረግ አይደለም፤ ጉሮሮን በጥልቀት መነካካት የልብ ምትን ያወርዳል። የታየ መዘጋት ካለ ብቻ ይጠረጋል፤ አፍ ቀድሞ፣ አፍንጫ ቀጥሎ።

ካልተነፈሰ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ይነፋለታል። ጊዜውን ጨርሶ ለተወለደ ሕፃን የሚጀመረው በተራ አየር ነው እንጂ በንጹሕ ኦክስጅን አይደለም። እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት መሣሪያው አይደለም፤ ጭንብሉ ጉንጩ ላይ አለመግጠሙና አንገቱ ከልክ በላይ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት መታጠፉ ነው። ደረቱ ካልተነሳ አየሩ አልገባም፤ ጭንብሉን ማስተካከል፣ ጭንቅላቱን ማቃናት፣ አፉን በትንሹ መክፈት። ትክክል መሆኑን የሚነግረው ቀለሙ ሳይሆን የልብ ምቱ መጨመር ነው።

ቀለምን በተመለከተ ወላጆች በከንቱ ይጨነቃሉ። ጤናማ ሕፃን በመጀመሪያዋ ደቂቃ የኦክስጅን መጠኑ ከ60 እስከ 65 በመቶ ብቻ ነው፤ በ5ኛው ከ80 እስከ 85፣ በ10ኛው ከ85 እስከ 95። ስለዚህ ወዲያው ሮዝ አለመሆኑ ያለ ነው። እጅና እግሩ ለአንድ ሁለት ቀን ቢጠቁርም ችግር የለውም። ምላሱና ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ከቀጠለ ግን ሌላ ነገር ነው።

የኦክስጅኑ መለኪያ የሚታሰረው በቀኝ እጅ ላይ ነው። ምክንያቱ ያው ዳክተሱ ነው፤ ወደ ቀኝ እጅ የሚሄደው ደም ቅዳ ከአኦርታ የሚገነጠለው ዳክተሱ ከሚገናኝበት በፊት ስለሆነ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ደም ይወክላል። ከ24 ሰዓት በኋላ በቀኝ እጅና በአንድ እግር ላይ ተለክቶ በሁለቱም 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ልዩነቱም ከ3 ካልበለጠ አለፈ ይባላል። ከ90 በታች ከሆነ ወዲያው የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል። ዋጋው ትንሽ፣ ጊዜው ጥቂት ደቂቃ፣ ሕመም የሌለው ምርመራ ነው፤ በየትም ቦታ ሊቀር አይገባም ባይ ነኝ።

ብርድም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ጨቅላ ሕፃን እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ አይሞቅም፤ በትከሻ አጥንቶቹ መካከልና በኩላሊቱ ዙሪያ ያለውን ቡናማ ስብ ያቃጥላል። ይህ ማቃጠል ኦክስጅን ይበላል። ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ ወርዶ ከቆየ ኦክስጅኑ ይጎድላል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ የሳንባው የደም ሥሮች ተመልሰው ይጨማደዳሉ፤ ደሙም ወደ ድሮው አቋራጭ ሊመለስ ይችላል። እናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ተደርጎ በደረቅ ጨርቅ መሸፈኑ የፍቅር ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሳይዘጋ የሚቀረው

የማህፀኑ ሄሞግሎቢን በ6 ወር ገደማ በአዋቂው ይተካል። ሲክል ሴል የሚባለውን በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ይዞ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤናማ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሽታው ያለበት የሄሞግሎቢን ክፍል ገና ተራው አልደረሰም።

ፎራሜን ኦቫሌ ደግሞ ሁልጊዜ አይጣበቅም። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ሽፋኗ በግፊት ብቻ ተይዛ ትኖራለች። ሲያስሉ፣ ሲያምጡ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሱ የቀኙ ግፊት ለአፍታ ይበልጥና ትንሽ ደም ወደ ግራ ያልፋል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ያረጃሉ፤ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም። ችግር የሚሆነው በእግር የደም ሥር የረጋ ደም በዚያች ክፍተት አልፎ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዕድሜው ከ60 ያልዘለለ ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ ሲይዘው፣ ሐኪሙ ጥቃቅን አረፋ ያለበት ጨዋማ ውሃ በክንዱ ደም ሥር ሰጥቶ፣ ሰውየው እንዲያምጥ አዝዞ፣ በአልትራሳውንድ ልቡን ያያል። አረፋው በጥቂት ምቶች ውስጥ በግራ በኩል ብቅ ካለ ቀዳዳው ክፍት ነው ማለት ነው፤ በጭኑ ደም ሥር በሚገባ ቱቦ በትንሽ መሣሪያ ሊዘጋለት ይችላል።